የብረት ደብተሬ፦ ምን እጽፋለሁ፣ ምን ትቻለሁ

የጂም መዝገብ የሚያዘው አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው፦ ዛሬ ባሩ ላይ ስንት ኪሎ ይጫን? ለዚህ መልስ የማይረዳ ነገር ገጽ ከመሙላት ያለፈ ፋይዳ የለውም። በስልክ መተግበሪያም፣ በኤክሴልም፣ በተራ ደብተርም ይዤ አይቻለሁ። የረጋሁበት እንዲህ ነው፦ ጂም ውስጥ ኪስ የሚገባ ደብተርና እርሳስ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ከደብተሩ ወደ ኤክሴል። እርሳስ የሆነው ላብ የነካው ወረቀት ላይ እስክሪብቶ ስለሚያስቸግር ነው።

አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦

ስኳት 80 — 8፣ 8፣ 7 (ቀ1)

ስኳት ባር ትከሻ ላይ ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ነው። 80 ባሩን ጨምሮ ጠቅላላ ክብደቱ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች በሦስት ዙር የተሠሩት ድግግሞሾች ናቸው። «ቀ1» ማለት የመጨረሻውን ዙር ሳቆም አንድ ድግግሞሽ ብቻ የመሥራት አቅም ቀርቶኝ ነበር ማለት ነው። በቃ፣ ሌላ የለውም። (ዙር የምለው ጂም ውስጥ ብዙዎች «ሴት» የሚሉትን ነው። «ዛሬ 3 ሴት፣ በመሀል 2 ደቂቃ እረፍት» የሚል ደብተር ቤት ውስጥ ሰው እጅ ቢገባ ማስረዳቱ ከስኳቱ ይከብዳል፤ ዙር ብሎ መጻፍ ይሻላል።)

መጀመሪያ ላይ ይህ መስመር በጣም ረጅም ነበር። የእንቅልፍ ሰዓት፣ ከ10 የሚሰጥ የስሜት ነጥብ፣ የገባሁበትና የወጣሁበት ሰዓት፣ ሁሉም ዓምድ ነበረው። ከሁለት ወር በኋላ ገጾቹን ሳገላብጥ ከእነዚህ ውስጥ የአንዱንም ቁጥር አይቼ የሚጫነውን ክብደት ቀይሬ አላውቅም። አሁን የሚጻፉት ከወትሮው የተለየ ነገር ሲኖር ብቻ ነው፦ «4 ሰዓት ብቻ ተኝቻለሁ»፣ «ግራ ትከሻ ቆረጠኝ»። እንዲህ ያለ ማስታወሻ አልፎ አልፎ ሲመጣ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ በየቀኑ ከተጻፈ ግን ማንም አያነበውም።

የማሟሟቂያ ዙሮችም አይጻፉም። በደብተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ቋሚ መሰላል አለ፤ ለ80 ኪሎ ባዶ ባር 10 ጊዜ፣ 40 ኪሎ 5 ጊዜ፣ 60 ኪሎ 3 ጊዜ፣ 70 ኪሎ 1 ጊዜ። የሥራው ክብደት ሲያድግ መሰላሉም አብሮ ይሻሻላል። ማሟሟቂያን እንደ ሥራ ዙር የመዘገበ ሰው ሦስት ዙር ሠርቶ ሰባት የሠራ ይመስለዋል።

የሚጻፈው ዙሩ እንዳለቀ፣ ባሩ መደርደሪያው ላይ እንደተመለሰ ነው። ሦስተኛው እንቅስቃሴ ላይ ከተደረሰ በኋላ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ሁለተኛ ዙር 7 ይሁን 8 የሚያስታውስ የለም፤ ሲጠራጠሩ ደግሞ ሁሌም 8 ይጻፋል። የስልክ መተግበሪያን የተውኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። አብዛኞቹ ያለፈውን ጊዜ ቁጥር ራሳቸው ሞልተው ይጠብቃሉ፤ የደከመ ሰው ጣት ምልክቱን ብቻ ነክቶ ያልፋል፣ የተሠራው 6 ሆኖ የተመዘገበው 8 ይሆናል። ከዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ያልነበረ 8 ላይ ክብደት ይጨመራል። መተግበሪያ የሚመርጥ ሰው ይህን አውቶማቲክ ሙሊት ካጠፋው ነገሩ ደህና ነው፤ የእረፍት ሰዓት ቆጣሪው እንዲያውም ከደብተር ይበልጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ስህተት ግን እርሳስ ከማንሳታችን በፊት የሚፈጠር ነው። 80 የሚለው ቁጥር የሚጠቅመው ባለፈው ሳምንት ከተጻፈው 80 ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ ጂም ውስጥ ደግሞ ይህ በቀላሉ ይዛባል። የወንዶች መደበኛ የውድድር ባር 20 ኪሎ፣ የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው። በእጅ ይለያሉ፤ የወንዶቹ 28 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 220 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው፣ የሴቶቹ 25 ሚሊ ሜትርና 201 ሴንቲ ሜትር። ችግሩ ብዙ ጂም ውስጥ ከሁለቱም ያልሆኑ፣ ምንም ያልተጻፈባቸው ባሮች መኖራቸው ነው። ሁሉንም 20 ብሎ የሚቆጥር ሰው አንድ ቀን 5 ኪሎ «ደክሞ»፣ በሌላው ቀን 5 ኪሎ «ጎብዞ» ያገኘዋል። መፍትሔው አንድ ጊዜ መመዘን ነው፦ ሚዛን ላይ ባሩን ይዞ መቆም፣ ከዚያ የራስን ክብደት መቀነስ። ከዚያ በኋላ ባሮቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ በጭረታቸው ወይም በቀለማቸው እለያቸዋለሁ፤ ደብተሩ ላይ «ባር ለ፣ 17» ተብሎ ይጻፋል።

ባሩ ጫፍ ላይ የሚገቡት ክብ ብረቶች፣ ፕሌቶቹም፣ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በውድድር 25 ቀይ፣ 20 ሰማያዊ፣ 15 ቢጫ፣ 10 አረንጓዴ ነው፤ በተራ ጂም ግን ቀለም አይታመንም፣ የተጻፈውን ማንበብ ነው። በፓውንድ የተሠሩ ፕሌቶች ከኪሎዎቹ ጋር ተደባልቀው ከተቀመጡ የ45 ፓውንዱ 20.4 ኪሎ፣ የ25ቱ 11.3፣ የ10ሩ 4.5 ኪሎ ነው። የ45 ፓውንድ ባር ላይ በየጎኑ አንድ የ45 ፓውንድ ፕሌት ሲጫን 135 ፓውንድ ወይም 61.2 ኪሎ ይሆናል፤ 60 ተብሎ የሚጻፈው ስህተት ትንሽ ይመስላል፣ የአንድ ሳምንት እድገት ግን እዚያች ውስጥ ይጠፋል። ሌላው፣ አንዳንዱ የአንድ ጎኑን ብቻ ይጽፋል፣ አንዳንዱ ጠቅላላውን። የትኛውም ያስኬዳል፣ ሁለቱን ማደባለቅ ነው የማያስኬደው። ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ብረት) ሲሆን ሁሌም የአንድ እጅ ክብደት እጽፋለሁ።

ማሽን ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ኪሎ መስሎ ይታያል እንጂ ስም ነው ማለት ይቀላል። ኬብሉ በሚንቀሳቀስ መዘውር ውስጥ ካለፈ እጅ ላይ የሚደርሰው የማሽኑ የብረት ክምር ግማሽ ያህል ነው፤ ካላለፈ ሙሉው ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፦ እጀታው አንድ ሜትር ሲሳብ ክምሩ የሚነሳው ግማሽ ሜትር ብቻ ከሆነ ክብደቱ በግማሽ እየቀለለ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ማሽን 40 ወደ ሌላው ማሽን 40 መሄድ ትርጉም የለውም። በ45 ዲግሪ የተጋደመ ሌግ ፕረስ ላይ ደግሞ ሰበቃውን ትተን 100 ኪሎ ሲጫን እግር የሚገፋው 71 ኪሎ ያህል ነው፤ ተንሸራታቹ ራሱ ያለው ክብደትም አለ። ሌግ ፕረስን ከስኳት ጋር የሚያወዳድር ሰው ራሱን ያሞኛል። ለማሽን የምጽፈው የማሽኑን ቦታ፣ የፒኑን ቁጥርና የወንበሩን ቀዳዳ ነው፦ «ላት ፑልዳውን፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው፣ ፒን 9፣ ወንበር 4»። ወንበሩ አንድ ቀዳዳ ከተለወጠ እንቅስቃሴው ተለውጧል።

ፑል አፕ (ባር ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ላይ የሰውነት ክብደት መጻፍ አለበት። 72 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ታጥቆ 6 ጊዜ ከወጣ 82 × 6 ነው። ሰውነቱ 74 ሆኖ ያንኑ 10 ኪሎ ታጥቆ ያንኑ 6 ከወጣ፣ ሳያውቀው አድጓል። በሚያግዝ ማሽን የሚሠራ ሰው ደግሞ ያስታውስ፤ እዚያ ቁጥሩ የእገዛው መጠን ስለሆነ ሲቀንስ ነው ጉልበት የጨመረው።

የምጨምርበት ሕግ አንድ ነው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የድግግሞሽ ወለልና ጣሪያ አለው፤ ለስኳት 6 እና 8። ሦስቱም ዙሮች 8 እስኪሞሉ ክብደቱ አይነካም፤ ሲሞሉ 2.5 ኪሎ ይጨመርና እንደገና ከ6 ይጀመራል። ደብተሩ ላይ ሲታይ፦

80 — 6፣ 6፣ 6
80 — 7፣ 7፣ 6
80 — 8፣ 7፣ 7
80 — 8፣ 8፣ 7
80 — 8፣ 8፣ 8
82.5 — 6፣ 6፣ 6

ከሦስተኛው መስመር ወደ አራተኛው ያለው እድገት አንዲት ድግግሞሽ ናት፤ ሰውነት አይሰማትም፣ መስታወትም አያሳያትም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1940ዎቹ አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ቶማስ ዴሎርም የተጎዱ ወታደሮችን በብረት ሲያበረታ፣ ታካሚው 10 ጊዜ ብቻ ሊያነሳው የሚችለውን ክብደት በየሳምንቱ እንደገና እየለካ ነበር የሚጨምርለት።

2.5 ኪሎ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። በ80 ኪሎ ስኳት ላይ 3 በመቶ ነው፤ በ20 ኪሎ ሾልደር ፕረስ (ባርን ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት) ላይ 12.5 በመቶ። ዳምቤል ከ10 ወደ 12.5 ሲሄድ 25 በመቶ ይዘላል። ላተራል ሬይዝ (ዳምቤልን በጎን ማንሳት) ላይ ለወራት ቆመው የሚቀሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ጉልበት ሳይሆን ይህ ዝላይ ነው። ለትንንሽ እንቅስቃሴዎች ወለልና ጣሪያውን አራርቄ ከ10 እስከ 20 አደርገዋለሁ፤ በ20 የደረሰ ሰው አዲሱን ክብደት 10 ጊዜ ያህል ያገኘዋል። ለባር ደግሞ ግማሽ ኪሎ የምትመዝን ጥንድ ትንሽ ፕሌት ካለች ጭማሪው 1 ኪሎ ይሆናል።

ከእነዚህ መስመሮች የአንድ ጊዜ ከፍተኛ ክብደት ለመገመት በስፋት የሚታወቀው የአሜሪካዊው አሰልጣኝ የቦይድ ኤፕሊ ቀመር ነው፦ ክብደት × (1 + ድግግሞሽ ÷ 30)። 80 ኪሎ 8 ጊዜ 101.3 ይሰጣል። 82.5 ኪሎ 6 ጊዜ ደግሞ 99። ግራፍ የሚመለከት ሰው ክብደት በጨመረበት ቀን ግራፉ ሲወርድ ያያል፤ አልደከመም፣ ድግግሞሹ እንደገና ከ6 ስለተጀመረ ነው። ማወዳደር ያለበት 82.5 × 6ን ከመጀመሪያው 80 × 6 ጋር ነው፤ እሱ 96 ነበር፣ 3 ኪሎ ጨምሯል። ቀመሩ ከ10 ድግግሞሽ በላይ እየዋዠቀ ይሄዳል፤ 1 ድግግሞሽ ላይ ደግሞ 100 ኪሎ ያነሳን ሰው 103.3 ይለዋል፣ ስለዚህ እዚያ አያስፈልግም።

ጠቅላላ ቶን መደመርም ትቻለሁ። 60 ኪሎ በ3 ዙር 12 ጊዜ 2160 ኪሎ ነው፤ 90 ኪሎ በ3 ዙር 5 ጊዜ 1350። በዚህ ስሌት ቀላሉ ሥራ ሁሌም ያሸንፋል፣ ቁጥሩን ለማሳደግ ሲባል ብረቱ እየቀለለ ይሄዳል። በምትኩ ለእያንዳንዱ ጡንቻ በሳምንት ስንት ከባድ ዙር እንደተሠራ እቆጥራለሁ፤ ቀሪው ከ4 በላይ የሆነ ዙር አይቆጠርም።

ስለ «ቀሪ» አንድ ነገር፦ ግምት ነው፣ ግምቱም የሚሻለው ለመጨረሻው ሲቃረቡ ነው። «5 ይቀረኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይቀረዋል። በወር አንዴ አደጋ የሌለበት ማሽን ላይ የመጨረሻውን ዙር እስኪያቅተኝ እሠራና ግምቴን ከተገኘው ጋር አስተያያለሁ። ስኳትና ቤንች (ተኝቶ ባርን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) ላይ፣ ባሩን የሚይዝ ብረት ወይም ሰው ከሌለ፣ ይህን አልሞክርም። ድግግሞሽ የሚቆጠረውም ልኩን ሲጠብቅ ብቻ ነው። ስኳት ላይ ዳሌ ከጉልበት በታች ካልወረደ አይጻፍም። በየሁለት ሳምንቱ የመጨረሻውን ዙር በስልክ ከጎን እቀርጻለሁ፤ ክብደት ሲጨምር ጥልቀት ቀስ እያለ ይሰረቃል፣ ደብተሩ ይህን አያውቅም።

ኤክሴል ላይ እያንዳንዱ ዙር የራሱ ረድፍ አለው፦ ቀን፣ እንቅስቃሴ፣ ክብደት፣ የዙር ቁጥር፣ ድግግሞሽ፣ ቀሪ፣ ማስታወሻ። «8፣ 8፣ 7»ን አንድ ሳጥን ውስጥ ማጨቅ ለዓይን ይመቻል፣ ለሒሳብ ግን አይሆንም። በአማርኛ ለሚጽፍ ደግሞ የፊደል ወጥመድ አለ። አንድ ቀን «ስኳት»፣ ሌላ ቀን «ሥኳት»፣ ሌላ ቀን «እስኳት» ከተጻፈ ኤክሴል ሦስት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ያያል፤ ከቃሉ በኋላ የቀረች ባዶ ቦታም እንዲሁ ታደርጋለች። ስሞቹን ከተቆልቋይ ዝርዝር መምረጥ ብቻ እንዲቻል ማድረግ ይህን ይዘጋዋል።

አንድ ቁጥር ሦስት ቀን ተከታትሎ ሲቆም መጀመሪያ የምመለከተው እረፍቱን ነው። በ3 ደቂቃ እረፍት የተሠራ 8 እና በ1 ደቂቃ የተሠራ 8 አንድ አይደሉም፤ ጂም ሲጨናነቅ ሰው ሳያውቀው ያሳጥራል ወይም ተራ ሲጠብቅ ያረዝማል። ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን፦ ከዲፕስ (በሁለት ዘንጎች መካከል ራስን በእጅ ዝቅና ከፍ ማድረግ) በኋላ የተሠራ ቤንች ሁሌም ያንሳል። ሁለቱም ካልተነኩ ማስታወሻዎቹን አነባለሁ። ያም ባዶ ከሆነ ክብደቱን 10 በመቶ ያህል፣ ከ80 ወደ 72.5፣ አውርጄ በ8 እንደገና መውጣት ነው። በአንድ መጥፎ ቀን ግን ምንም አልቀይርም።

ከመውጣቴ በፊት፣ ጫማ ሳይቀየር፣ በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ የሚቀጥለው ቀን ጭነት ይጻፋል። ከባሩ ጋር ከነክፍፍሉ ነው፦ «ስኳት 82.5፤ ባር 20፣ በየጎኑ 20 + 10 + 1.25»።