አኒ ፊቱን አዞረ

ሰባት ዓመት አልፎታል። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲታየኝ ግን ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

በጥንት ሥልጣኔዎች ላይ ለወጣቶች የተዘጋጀ መጽሐፍ ነበር። የግብፁን ምዕራፍ የማርመው፣ የሥዕሎቹንም መግለጫ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ገጹን የሚያቀናብሩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ በእርሳስ ፊደል ለቀማ ዘመን ሥራ የጀመሩ፣ ኮምፒውተር መጣ ሲባል እኩዮቻቸው ሲሸሹ ወንበራቸውን ይዘው የቀረቡ ሰው ናቸው። አንድ የማይሽሩት ሕግ አላቸው፦ ገጽ ላይ ያለ ፊት ወደ ጽሑፉ ያያል እንጂ ወደ ጠርዙ አያይም። «ጀርባውን የሰጠ ሰው ቤት ለቆ ሊወጣ ነው» ይላሉ።

ጣጣውን ያመጣው የእኔ አፍ ነው። በቡና ሰዓት ያነበብኩትን ካላወራሁ ቡናው አይወርድልኝም ነበር። ግብፃውያን ዘንድ ሥዕልና ጽሑፍ አንድ ቤተሰብ ናቸው እላለሁ፤ የጽሕፈት ምልክቶቻቸው ራሳቸው ሥዕሎች ናቸውና። በጥንታዊው መንግሥት ዘመን የሟቹን መልክ ይዞ በተቀረጸ ሐውልት ላይ ስሙ ሲጻፍ፣ ከስሙ መጨረሻ መቀመጥ የሚገባው የሰው ምልክት አንዳንዴ ይቀራል፤ ሐውልቱ ራሱ እንደ መጨረሻ ምልክት ይቆጠራል። በሳቃራ ፒራሚዶች ውስጥ ደግሞ አንዳንድ የሰውና የእንስሳት ምልክቶች ሆን ተብሎ ጎደሎ ሆነው ተቀርጸዋል፤ ነፍስ ዘርተው ንጉሡን እንዳይጎዱ። ይህን ጋሼ በጣም ወደዱት። «እዚህ ቤትስ ስንት እግሩ መቆረጥ የነበረበት መግለጫ አለ!» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቁ ልቤን አሞቀውና ቀጠልኩ። ምልክቶቹ ከቀኝ ወደ ግራም፣ ከግራ ወደ ቀኝም ይጻፋሉ፤ ወፉም ሰውየውም ፊታቸው ንባቡ ወደሚጀምርበት ነው፤ በመቃብር ውስጥ በር መስሎ በተሠራው፣ በማይከፈተው የሐሰት በር ግራና ቀኝ የተቀረጸው ጽሑፍ እርስ በርሱ ይተያያል። ያን ቀን አፌን ቢይዘው ምን ነበረበት!

የጠባችን መነሻ የሆነው ሥዕል የአኒ ፓፒረስ ነው፤ ከሟች ጋር ከሚቀበሩት፣ «የሙታን መጽሐፍ» ከሚባሉት ጥቅልሎች አንዱ፤ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1250 ገደማ የተሠራው። ጸሐፊው አኒና ሚስቱ ቱቱ በስተግራ ጎንበስ ብለው ለፍርድ ይገባሉ። መሐል ላይ የአኒ ልብ ከእውነት አምላክ ከማአት ላባ ጋር ይመዘናል። የሙታን አምላክ አኑቢስ ሚዛኑን ያያል፣ የጽሕፈት አምላክ ቶት ውጤቱን ይጽፋል፤ ከቶት ኋላ ራሷ አዞ፣ ፊተኛው አካሏ አንበሳ፣ ኋለኛው ጉማሬ የሆነችው አሚት ልቡ ከከበደ ልትውጠው ትጠብቃለች። አኒ ልቡ እንዳይመሰክርበት የሚለምንበት ቃልም እዚያው ተጽፏል። መግለጫዬ «በስተግራ አኒና ሚስቱ ሲገቡ» ብሎ ይጀምራል።

ለእርማት የሚታተመው ገጽ፣ ፕሩፉ ሲመጣ አኒ በስተቀኝ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ሥዕሉ ተገልብጧል።»

«አልተገለበጠም፤ ዞሯል። የገባው በቀኙ ገጽ ነው። እንደነበረ ብተወው ሰውየው በጠርዙ በኩል ወጥቶ ይሄድ ነበር።»

«ጽሑፍ አለበት እኮ! የእኛ ፊደል እንዲህ ቢዞር ማን ያነበዋል?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የእኛን መች አዞርኩ? የእነርሱን ነው ያዞርኩት። በሁለቱም በኩል ይነበባል ያልከኝ አንተው አይደለህም እንዴ?»

አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ አንድ የግብፅ ጸሐፊ በአጠገባችን ቢያልፍ ለእርሳቸው ይፈርድ ነበር። ሌላ ምክንያት ፈለግሁ። በብዙዎቹ የሙታን መጽሐፍ ጥቅልሎች ምልክቶቹ ወደ ቀኝ እያዩ ዓምዶቹ ግን ከግራ እንደሚነበቡ፣ ነገሩ ከተራው ሕግ እንደሚለይ አስረዳሁ።

«ታዲያ እነርሱ ራሳቸው ካዞሩት የእኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?» አሉ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለውም ጨመሩ፦ «ደግሞ ተመልከት፤ ሁሉም በአንድ ዓይን ናቸው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣለው ኃጢአተኛው ነው። ለፍርድ ለቀረበ ኃጢአተኛ ግራና ቀኝ እያልህ ትጨነቃለህ?»

ወደ ኃላፊያችን ሄድኩ። ኃላፊያችን ነገር ማብረድ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ የሚያበርዱት ግን ሁልጊዜ ቀረብ ያለውን ሰው ነው። ሥዕሉን መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ መሆኑን ነገርኳቸው። ገጹን አራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩትና «እንዲህ ያምራል» አሉ። «አንተ አንድ ቃል ቀይር፤ በስተግራ የሚለውን በስተቀኝ በለው።»

በነገራችን ላይ የአኒ ጥቅልል አንዳንድ ክፍሎች አስቀድመው ተጽፈው፣ የስሙ ቦታ ባዶ ተትቶ፣ ገዢው ሲገኝ «አኒ» ተብሎ የተሞላባቸው ናቸው። እዚያም እንደ እኛ ኃላፊ ያለ ሰው አልጠፋም ማለት ነው።

ቃሉን ቀየርኩ። በገዛ እጄ። መግለጫውና ሥዕሉ ተስማሙ፤ ለንደን ካለው ጋር ግን ሁለቱም ተጣሉ። በሰባት ዓመት ውስጥ በዚያ ምዕራፍ ጉዳይ የደወለ አንባቢ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ኃጢአት» በ«ሀ» ተጽፏል ብሎ ሊቆጣን።

መጽሐፉ ከጥራዝ የወጣ ዕለት አንድ ቅጂ ይዤ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄድኩና ገጹን ከመስታወቱ ፊት ያዝኩት። አኒ ከቱቱ ጋር በስተግራ ገባ፤ እንደ ጥንቱ። «በስተቀኝ» የሚለው ቃሌ ግን ተንጋዶ የማይነበብ ሆነ።

ጋሼ ከኋላዬ ገቡ።

«ምን ታደርጋለህ?»

«እያረምኩ ነው።»

በትከሻዬ ላይ አሻግረው መስታወቱን አዩት። «አሁን ደግሞ ጽሑፍህ ጀርባ ሰጠ» አሉና ቧንቧውን ከፈቱ።