ቀጭን ሽፋን

ዛሬ ፎቶ በሚታተምበት ጨለማ ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት ፈሳሽ ኢመልሽን የቀባችውን ወረቀት ወደ ቀዩ መብራት አዘንብላ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ መስመር ከየት መጣ?» አለችኝ። የብሩሹ ፀጉር ያለፈበት ቦታ ሁሉ ቦይ ቦይ ሆኖ ቀርቷል። እጇ ግን ጥሩ ነው። ፈሳሽ ኢመልሽን ወረቀት የፎቶ ምስል እንዲይዝ የሚቀባ ነገር ሲሆን፣ ብርሃን የሚለውጠው የብር ጨው በጄላቲን ውስጥ ተበትኖ የሚሠራ ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሊች ማዶክስ እ.ኤ.አ. በ1871 ይፋ ካደረገው ወዲህ ጄላቲን ፎቶግራፍን ተሸክሞ ኖሯል። ችግሩ ሲቀዘቅዝ መርጋቱ ነው። ወፍራም ከሆነ ቦዩን ሳይሞላ ወረቀቱ ላይ ይደርቃል።

የኢመልሽኑን ዕቃ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀመጥነው። ለአሥር እጅ ኢመልሽን አንድ እጅ የሞቀ የተጣራ ውሃ በቀስታ ጨመርን። መምታት አያስፈልግም፤ እያንዳንዷ አረፋ ምስሉ ላይ ነጭ ነጥብ ትሆናለች። ወረቀቱንም ትንሽ አሞቅነው። አሁን ብሩሹ ሲያልፍ መስመሩ ለአፍታ ይታያል፤ ወዲያው ፈሳሹ ከግራና ከቀኝ ተገናኝቶ ይውጠዋል። ጎንበስ ብላ ደጋግማ አየችው፤ እኔም አብሬያት አየሁ፣ ይህን ማየት ሰልችቶኝ አያውቅም።

ውሃው ሲበዛ ብሩ ይሳሳል፣ ጥቁሩም ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ቀጭን ሽፋን ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ፋብሪካ የቀባው ወረቀት እየተሸጠ በእጁ መቀባትን የመረጠ ሰው፣ ጊዜውን አስቀድሞ ሰጥቷልና መቸኮል አይገባውም። ሁለተኛውን ነገ ትደርባለች፤ የመጀመሪያውን አቋርጣ በአግድም እንድትቀባ ነግሬያታለሁ።