«ዋስ ሁነኝ» ላለ ወንድም ምን ይመለስለታል?

ከጉባኤ በኋላ በር ላይ አንዱ ጠጋ ብሎ «ፊርማ ብቻ ናት፣ ዋስ ሁነኝ» ሲል ብዙ አማኝ እምቢ የሚልበት አፍ የለውም። ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ነገም እዚያው አግዳሚ ላይ አብረው ይቀመጣሉ። ምሳሌ 6፥1-5 ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። ዋስ የሆነ ሰው በገዛ አፉ ቃል ተጠምዷልና እንደ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ እስኪያመልጥ ድረስ እንቅልፍ አይኑረው ይላል። ምሳሌ 22፥26-27 ደግሞ የምትከፍለው ስታጣ የተኛህበት ምንጣፍ ሳይቀር ይወሰዳል ብሎ ያስጠነቅቃል። ስለ አሥራት በዓመት ስንት ጊዜ ይሰበካል፤ ስለ ዋስትና ግን ትዝ የሚለው ሰባኪ ብዙ አይደለም።

ዋስ መሆን በራሱ ኃጢአት አይደለም። ይሁዳ ለብንያም ዋስ ሆነ (ዘፍጥረት 43፥9)፤ ቀኑ ሲደርስም በወንድሙ ፈንታ ባሪያ ሆኖ ለመቅረት ራሱን አቀረበ። ጳውሎስ የአናሲሞስን ዕዳ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጽፏል (ፊልሞና 18-19)። ሁለቱም ሊከፍሉ ቆርጠው ነው የገቡት። መለኪያውን በአጭሩ የምናገኘው ሲራክ 8፥13 ላይ ነው፦ ከአቅምህ በላይ ዋስ አትሁን፤ ከሆንህም እንደሚከፍል ሰው ሆነህ አስብ። ስለዚህ ተበዳሪው ጨዋ መሆኑን ከማጣራት በፊት፣ ገንዘቡን ሙሉውን እኔ ብከፍለው የቤት ኪራዩና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይተርፋል ወይ ብላችሁ አስሉ።

እቁብን እንውሰድ። 20 አባል በየወሩ 5,000 ብር ይጥላል እንበል። ዋስ ሁኑልኝ ያለው ሰው ዕጣው በሦስተኛው ወር ከወጣለት 100,000 ብር ይወስዳል፤ ገና ያልጣለው ግን 17 ወር ነው፣ 85,000 ብር። የፈረማችሁት ለዚህ 85,000 ነው። በ18ኛው ወር ቢደርሰው ግን የሚቀረው 10,000 ብቻ ነው። ያው ሰው፣ ያው እቁብ፣ አደጋው ግን ስምንት እጥፍ ተኩል ይለያያል። «ለእቁብ ነው» ሲባል «ስንተኛው ዕጣ ላይ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የሥራ ዋስትና ከዚህ ይብሳል፤ ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ለሚቀጠር ሰው የሚፈረመው ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚያበቃበት ቀን የለውም። ልጁ ከዓመታት በኋላ ቢያጎድል የሚጠሩት እናንተን ነው።

ወረቀቱን ስታነቡ መጀመሪያ የገንዘቡን ጣሪያ ፈልጉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 ዋስ የሚሆኑበት ከፍተኛ ገንዘብ ካልተጠቀሰ ውሉ እንደማይጸና ይደነግጋል። ቢሆንም በዚህ ተማምናችሁ ባዶ ቦታ ላይ እንዳትፈርሙ፤ ቁጥሩን ኋላ ሌላ እጅ ይሞላዋል። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካያችሁ ቆም በሉ፤ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል። ያገባችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ለትዳር አጋራችሁ ሳትነግሩ ብዕር አታንሱ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም አንቀጽ 68 ላይ ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆንን የሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ከሚያስፈልጋቸው ጉዳዮች መካከል አስገብቶታል። ብዙ ቤት የሚናጋው በገንዘቡ መጥፋት ሳይሆን «ለምን ደበቅከኝ?» በሚለው ነው።

እምቢ ስትሉ አጭር ይሁን። «እስቲ ልጸልይበት» ብሎ ሁለት ሳምንት ማንከርፈፍ ሌላ ዋስ የሚፈልግበትን ጊዜ ይበላበታል። «ዋስ መሆን አልችልም፤ ግን የማይመለስ ይህን ያህል ልሰጥህ እችላለሁ» ማለት ይሻላል። ምሳሌ 3፥27-28 በእጅ ያለውን ነገ እሰጥሃለሁ አትበል ይላልና የምትሰጡት ካለ እዚያው ስጡ። ባዶ እጅ ከሆናችሁም እምቢታው ሰበብ አያስፈልገውም፤ የማይረባ ሰበብ ኋላ ሲጋለጥ ከእምቢታው በላይ ያስቀይማል።

ፈርማችሁ ከሆነ የምሳሌ 6 ምክር ሂድ፣ ራስህን ዝቅ አድርግ፣ ባልንጀራህን ነዝንዘው ነው። በተግባር ሲታይ የየወሩን ደረሰኝ ፎቶ በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ከመጀመሪያው ተስማሙ። አንድ ወር ከዘለለ በሦስተኛው ወር ሳይሆን በዚያው ሳምንት ደውሉ፤ ከዚያም አብራችሁ አበዳሪው ዘንድ ሄዳችሁ ክፍያው እንዲራዘም ጠይቁ። ዋስ ከተቀየረ የአበዳሪውን ማረጋገጫ በጽሑፍ ተቀበሉ። «አንተ ወጥተሃል» የሚል የቃል ማጽናኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ ለማስረዳት ይከብዳል።

ከፍላችሁ ከተገኛችሁ ደረሰኙ በእናንተ ስም ይጻፍ፤ ከተበዳሪው ለመጠየቅ መብት አላችሁ፣ ማስረጃውም እሱ ነው። ማቴዎስ 18፥15 እንደሚለው መጀመሪያ ብቻውን አግኙት፤ ወሬው በጸሎት ቡድኑ ካለፈ በኋላ ሽምግልና ራሱ ይከብዳል። ከዚያ ቁረጡ፦ ወይ በወር የሚከፍለውን መጠን በጽሑፍ ተስማሙ፣ ወይ ማርኩህ ብላችሁ ንገሩት። «ግድ የለም» እያሉ በየሠርጉና በየለቅሶው ማማት ግን ምሕረትም ብድርም አይደለም። ያው ሰው በዓመቱ ለሌላ እቁብ ዋስ ፈልጎ ቢመጣ፣ የማሩትም ሰዎች ቢሆኑ ዳግም የመፈረም ግዴታ የለባቸውም።