ጋሼ ሂዩስተን ላይ ሲቀድሙኝ

አምና ኅዳር፣ ጅማ ዳር ባለ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስምሪት ላይ ነበርኩ። ያለን መኪና አንድ አይሱዙ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ የሒሳብ ሠራተኛችን ወንድሟ ከውጭ ያመጣላትን ቲኬት ቱ ራይድ ትዘረጋለች። አለን ሙን የሠራው፣ በፈረንጆቹ 2004 የወጣ ጨዋታ ነው። እሷ፣ የንብረት ክፍሉ ጋሼና እኔ ሦስት ሆነን እንቀመጣለን። ሰሌዳው የአሜሪካ ካርታ ነው፤ ለያንዳንዳችን 45 ትንንሽ የፕላስቲክ ፉርጎ አለን። ካርድ በቀለም እያሰባሰብክ በከተሞች መካከል ሐዲድ ትይዛለህ። መማታት፣ መብላት የለም። ሰው ሁሉ ቲኬቱን፣ ማለትም የሚያገናኛቸው ሁለት ከተሞችና ነጥባቸው የተጻፈበትን ካርድ፣ ደብቆ የራሱን መንገድ ይሠራል። የሚያናድደውም ይሄው ነው።

ሰኞ ከሎስ አንጀለስ ማያሚ የሚል ባለ 20 ነጥብ ቲኬት ደረሰኝ። እስከ ኤል ፓሶ 6፣ ከዚያ እስከ ሂዩስተን 6 ፉርጎ ደረደርኩ። ቀዩን ካርድ ለኒው ኦርሊንስ–ማያሚ እያጠራቀምኩ ሳለ ጋሼ ሻያቸውን ፉት አሉና ሂዩስተን–ኒው ኦርሊንስ ላይ ሁለት ፉርጎ አስቀመጡ። አንድ ሐዲድ ብቻ ያለበት ቦታ ነው። በዳላስ ዞሬ ልደርስ ስል ጨዋታው አለቀ፤ 20ው ከነጥቤ ተቀነሰ።

«ጋሼ፣ ሆን ብለው ነው!»

«አንተ ልጅ፣ የእኔም መንገድ በዚያ ነው። የያዝከውን ደብቀህ እኔ በምን ልወቅ?»

ሐሙስ የቡ ከተማ ያለው መረከቢያችን እሸት ሞልቶ ይጠብቀኝ ነበር። መኪናዋን ለከሰዓት በልቤ ይዣታለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ካወራሁ ይሻሙኛል ብዬ (አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል)። ስወጣ ግቢው ባዶ ነው። ጋሼ ጆንያ ሊያመጡ ወደ ሰቃ ከተማ ልከዋታል። እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። አይሱዙዋ ስትመለስ መሽቶ ነበር፤ ቡናው የቡ አደረ። ጠዋት ጆንያው ሲፈታ የኮመጠጠ ሽታው ቀድሞን ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ፊት ስንቆም ጋሼን ልከስ አፌን ከፈትኩና የሰኞው መልሳቸው ትዝ አለኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

ከሰዓት በሩ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀልን። እኔ «የቡ፣ 8 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ፤ ጋሼ ከሥሩ «ሰቃ፣ ነገ ጠዋት»።

ምሳ ላይ ግን ቲኬታችንን እንደደበቅን ነው። ሂዩስተን–ኒው ኦርሊንስን አሁን እኔ ነኝ ቀድሜ የምይዘው፣ ማያሚ ባልሄድም።