ሚዛን የማያሳየው ክብደት

ዛሬ በጠያቂ ሰዓት አንዲት እናት ልጃቸውን አዩና «ተመስገን፣ ፊቷ ሞላ አለ» አሉኝ። ደስታቸውን መንጠቅ ከበደኝ። ዝም ማለትም አልሆነልኝም። የልጅቷን ቅልጥም በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት። ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። «እማማ፣ ይሄ ሥጋ አይደለም፤ ውሃ ነው» አልኳቸው።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠራ ሰው ሚዛንን ብቻ አያምንም። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ኪሎ ይጨምራል፤ ከሥር ግን ጡንቻው እየቀለጠ ነው። በጠና የታመመ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ከጭኑ ጡንቻ ከ15 በመቶ በላይ ሊያጣ ይችላል። የመተንፈሻ ጡንቻውም አብሮ ይደክማል። አንዳንዱ ከመተንፈሻ ማሽን (ቬንትሌተር) ለመላቀቅ የሚቸገረው ለዚህ ነው።

እኛ ባሕር ዳር ወፈር ያለ ሰው ሲታመም «አቅም አለው፣ ይቋቋማል» ይባላል። ነገሩ መሠረት አለው። ብዙ ጥናቶች ወፈር ያሉ ሕሙማን ከቀጫጮቹ በተሻለ እንደሚተርፉ አሳይተዋል፤ ምክንያቱ ግን እስካሁን ያከራክራል። ደግሞም ለማገላበጥ ይከብዳሉ፣ የመኝታ ቁስል ያሰጋቸዋል። ሳንባም ከውፍረት ጋር አያድግም። ቬንትሌተሩ የሚገፋውን አየር ስንወስን ቁመት የምንለካው ለዚህ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ቀጭኑ ነው። ከሐይቁ ዳር ቀበሌዎች የሚመጡ፣ ቤታቸው ተኝተው እህል ሳይቀምሱ የሰነበቱ አሉ። ቤተሰብ በፔርሙዝ አጥሚት ይዞ ይመጣል። እኛ በአፍንጫው ቱቦ ጥቂት ጥቂት ስንሰጥ ሲያዩ «በረሃብ ልትገድሉት ነው ወይ ሲስተር?» ይሉኛል። ቁጣቸው ይገባኛል። ግን ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው ባንዴ ከተመገበ በደሙ ያሉት ፎስፌትና ፖታሲየም የሚባሉ ማዕድናት ያሽቆለቁላሉ፤ የልብ ምቱ ሊዛባ፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ቫይታሚን ቢ1 አስቀድመን፣ ደሙን እየመረመርን ነው መጠኑን የምንጨምረው። ይህን በር ላይ ቆሞ ለሚያለቅስ ወንድም ማስረዳት ከማሽኑ ሥራ ይከብዳል። ቢሆንም ቁጭ ብለን ልናስረዳው ይገባል፤ አጥሚቱን ያፈላው ለታማሚው ሕይወት ሳስቶ ነው።

ከክፍላችን ሲወጡ ሁሉም «ስንት ኪሎ ጨመረ?» ይለኛል። እኔ የምጠይቀው ሳይደገፍ ከወንበር መነሣቱን ነው። ምግብ ያለ እንቅስቃሴ ጡንቻ አይመልስም። እንቁላል፣ ሽሮ፣ ሲገኝም የጣና ቀረሶ ዓሣ አብሉት እላለሁ። ጾም ነው የሚል ካለ የንስሐ አባቱን ያማክር። ሐኪሙ ከፈቀደ ደግሞ ጠዋትና ማታ ግቢ ውስጥ ደግፋችሁ አራምዱት።