የመጥለቂያ ዕቃ ይዞ ወደ አውሮፕላን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የመጥለቅ ጉዞ ስመለስ፣ ለክፉ ጊዜ መጠባበቂያ ይሆነኛል ብዬ የገዛሁትን አነስተኛ የአየር ሲሊንደር ለፍተሻ ሠራተኞቹ አስረክቤ ባዶ እጄን ተሳፈርኩ። ሲሊንደሩ ውስጥ ምንም አልነበረም። ከአንድ ቀን በፊት ቫልቩን ከፍቼ ፉጨቱ እስኪያበቃ ድረስ አጠገቡ ቆሜ ጠብቄአለሁ፤ የግፊት መለኪያውም ዜሮ ላይ ነበር። ፈታሿ ማብራሪያዬን በትዕግሥት ሰማች፣ ሲሊንደሩን አገላብጣ ተመለከተች፣ ከዚያም «ባዶ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ ግን ውስጡን ማየት አልችልም» አለችኝ። በዚያች ሰዓት ከልቤ አዝኜ ነበር፤ ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው ግን ልክ እንደነበረች ተቀበልኩ፤ ከዚያ ወዲህም ሻንጣዬን የማዘጋጀው የእሷን ዐረፍተ ነገር እያስታወስኩ ነው።

በመጥለቂያ ሥፍራዎች በብዛት የሚገኘው የአሉሚኒየም ሲሊንደር የ11 ሊትር ያህል ይዘት አለው። በ200 ባር ግፊት ሲሞላ ከ2,000 ሊትር በላይ የሚሆን አየር በዚያች ጠባብ ቦታ ታጭቆ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ግፊት በአንዴ ቢለቀቅ በአካባቢው ያለ ሰው መትረፉ ያጠራጥራል። የተዘጋ ቫልቭ ደግሞ የሞላውንም የጎደለውንም ሲሊንደር እኩል ስለሚያስመስል፣ መለኪያም ሊበላሽ ስለሚችል፣ ፈታሹ ሊተማመንበት የሚችለው ብቸኛ ማስረጃ ዓይኑ ነው። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር፣ በምህጻረ ቃሉ ቲኤስኤ፣ ሲሊንደር የሚያሳልፈው ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ አፉ ክፍት ከሆነና ውስጡ ከታየ ብቻ መሆኑም ከዚህ የመጣ ነው። ቫልቭ መፍታት ግን እንደ ጠርሙስ ክዳን የሚታይ ሥራ አይደለም፤ ውስጡ ገና ግፊት ያለበትን ሲሊንደር መፍታት ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል ለሠለጠነ ባለሙያ የሚተው ነው። በተከፈተው አፍ እርጥበት ስለሚገባም መልሶ ከመገጠሙ በፊት ውስጡ ዝገት እንዳላበቀለ መመርመር አለበት። ይህን ሁሉ ድካም ከ14 ኪሎ ግራም ክብደቱ ጋር ስመዝነው፣ ሲሊንደርን ከደረሱበት ቦታ መከራየት ይሻላል ባይ ነኝ። ለመስመጥ በወገብ የሚታጠቁት ከባዱ የእርሳስ ብረትም እንደዚሁ ነው፤ ማንም አይከለክለውም፣ ነገር ግን የሻንጣን ኪሎ ይበላል፣ በኤክስሬይ ላይም ጨረር የማያሳልፍ ጥቁር ድንጋይ መስሎ ይታያል።

ብዙ ጠላቂዎች ስለ ሲሊንደር ይጨነቁና ስለ ባትሪ ይዘነጋሉ። እኔ በበኩሌ ከዕቃዎቼ ሁሉ ይበልጥ የምጠነቀቀው ለውሃ ውስጥ መብራቶቼና ለካሜራዬ ባትሪዎች ነው። የሊቲየም ባትሪ ጫፎቹ ከብረት ጋር ተነካክተው ወይም ተጨፍልቆ ውስጡ ከተጎዳ በራሱ ጊዜ መጋል ይጀምራል፤ ሙቀቱ ሙቀት እየወለደ ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው ይዛመታል። በዕቃ መጫኛው ክፍል ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ቢያፍነውም ይህን የውስጥ ቃጠሎ ማቆም አይችልም። እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 2010 ከዱባይ የተነሣ የቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ብዙ የሊቲየም ባትሪ ከያዘው ጭነቱ መካከል እሳት ተነሥቶበት ወደ ተነሣበት ለመመለስ ሲሞክር ተከስክሶ ሁለቱም አብራሪዎች ሞተዋል። መጠባበቂያ ባትሪ በዕቃ መጫኛው ክፍል እንዳይገባና ከመንገደኛው ጋር እንዲጓዝ የተደነገገውም፣ በመቀመጫ አካባቢ ጭስ ቢታይ አጠገቡ ሰው ስላለ ፈጥኖ ውሃ ማፍሰስ ስለሚቻል ነው።

አንድ ባትሪ የሚይዘው ኃይል ገደብ አለው፤ ገደቡ የሚለካው በዋት-አወር ሲሆን ስሌቱ ቮልቱን በአምፔር-አወር ማባዛት ብቻ ነው። በብዙ የእጅ መብራቶች ውስጥ ያለችው ባለ 3.7 ቮልትና ባለ 3.4 አምፔር-አወር ሴል ከ13 ዋት-አወር በታች ስለሆነች ችግር የለባትም። እስከ 100 ዋት-አወር ያለው ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ሻንጣ ይያዛል፤ ከ100 እስከ 160 ድረስ ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ መጠባበቂያውም ከሁለት አይበልጥም፤ ከ160 በላይ የሆነው በመንገደኛ ሻንጣ አይሄድም። ለቪዲዮ መብራት የሚሠራ ባለ 14.8 ቮልትና ባለ 6.8 አምፔር-አወር ባትሪ ሲሰላ ከ100 በጥቂቱ ስለሚያልፍ፣ እንዲህ ያለ ባትሪ ያለው ሰው ፈቃዱን ትኬት በቆረጠበት ሰሞን ቢጠይቅ ይመረጣል። ኃይለኛ የውሃ ውስጥ መብራት ሌላም ጣጣ አለው፤ ውሃው እንዲያቀዘቅዘው ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በልብሶች መካከል ድንገት ቢበራ የሚነካውን ሁሉ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ባትሪውን ከመብራቱ ነጥዬ የእያንዳንዱን ባትሪ ጫፎች በፕላስተር እሸፍናለሁ፣ ለየብቻቸውም በትንንሽ የፕላስቲክ ሳጥን አኖራቸዋለሁ።

ቢላዋ፣ የገመድ መቁረጫና የዓሣ ማደኛ ጦር በእጅ ሻንጣ አይገቡም። ቢላዋው ከሰገባው ወጥቶ ሻንጣውን የሚያነሣውን ወይም የሚከፍተውን ሠራተኛ እጅ እንዳይቆርጥ ስለቱን በደንብ እጠቀልለዋለሁ። የመነጽር ጭጋግ መከላከያ ፈሳሽም ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ከሆነ ያልፋል።

ሬጉሌተሬን ግን ከእጄ አልለየውም። ከውሃ በታች የምተነፍሰው በእሱ ስለሆነ፣ ሲወረወርና ከባድ ሻንጣ ሲጫነው ለማየት አልፈቅድም። ቱቦዎቹና የብረት ክፍሎቹ በኤክስሬይ ማሽን ውስጥ ተጠላልፈው ሲታዩ ለማያውቀው ሰው ያስደነግጣሉና፣ ከሻንጣዬ አናት ላይ በራሱ ቦርሳ አድርጌ ሳልጠየቅ አውጥቼ በትሪው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ከተጠየቅሁም «ለስኩባ ጠላቂ አየር የሚያደርስ መሣሪያ ነው» ብዬ እመልሳለሁ። መነጽሬና የመጥለቂያ ኮምፒውተሬም አብረውት ይጓዛሉ። ከባዱ ልብስ፣ ጃኬቱና የእግር መቅዘፊያዎቹ ወደሚጫነው ሻንጣ ይገባሉ፤ ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ግራም ነውና ቶሎ ይሞላል።

በማንኛውም ማሽን የማይፈተሽ፣ ኃላፊነቱ በጠላቂው ላይ ብቻ የወደቀ አንድ ነገር ቀርቶናል፤ ይኸውም በገዛ ሰውነታችን ውስጥ ተሸክመነው የምንሳፈረው ናይትሮጅን ነው። ስንጠልቅ በግፊት ወደ ደማችንና ወደ ሥጋችን የሰረገው ጋዝ ቀስ እያለ መውጣት አለበት፤ የአውሮፕላን ክፍል ግፊት ደግሞ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ ጋር ስለሚስተካከል፣ ያልወጣው ጋዝ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ሊያሳምም፣ ሲከፋም ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ካካሄደው ዐውደ ጥናት የወጣው ምክር፣ የማረፊያ ደረጃ (ወደ ላይ ሲወጡ ጋዙ ከሰውነት እንዲወጣ በመንገድ ቆሞ መጠበቅ) ካላስፈለገው አንድ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለብዙ ቀናት ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ የማረፊያ ደረጃ ካስፈለገው መጥለቅ በኋላ ደግሞ ከ18 ሰዓት እጅግ የበለጠ መቆየት ነው። እኔ 24 ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ሲነጋ ያለውን የመጨረሻ መጥለቅ ብመኘውም እተወዋለሁ።

ያ ቀን ለዕቃዬም ያስፈልገዋል። ሬጉሌተሩን የአቧራ ክዳኑን ገጥሜ በንጹሕ ውሃ አጥባለሁ፣ ባትሪዎቹን አወጣለሁ፣ ልብሱን በጥላ ሥር እሰቅለዋለሁ። ውሃ የያዘ ልብስ በሚዛን ላይ ብዙ ኪሎ ይጨምራል፤ ማታ ላይ ነካ አድርጌው ክንዱ ወይም ጉልበቱ ገና እርጥብ ከሆነ፣ ገልብጬ እሰቅለውና ሻንጣውን ሳልዘጋ አድራለሁ።