ምጣድን በሐሰት አትክሰሱት

ደሴ ውስጥ ማታ ማታ አምፖል ፈዘዝ ሲል ፍርዱ ቀድሞ ተሰጥቷል። «እነ እትዬ ምጣድ ሰክተው ነው!» እሺ፣ ምጣድ ብዙ ይስባል። 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፣ በ220 ቮልት 16 አምፒር መሆኑ ነው። ቀጭን መስመር ላይ ቮልቴጁን ቢያወርደው አይገርምም። የመብራቱን የሞገድ ቅርጽ ግን አያበላሽም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ሰሞኑን ሃርሞኒክስ፣ ማለትም ዋናው ሞገድ ላይ ተደርበው ቅርጹን የሚያጣምሙት ትንንሽ ሞገዶች፣ ከየት እንደሚመጡ ሲጠይቁኝ፣ ሁሉም ጣታቸውን የሚቀስሩት ብዙ በሚበላው ዕቃ ላይ ነው። አብሽሩ፣ እሱን ተዉት። መታየት ያለበት ዕቃው እንዴት እንደሚስብ ነው።

መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ለስላሳ ሞገድ ነው። የምጣድ ሽቦ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ብዙ ይስባል፣ ዝቅ ሲል ትንሽ። ከረንቱ የቮልቴጁን ቅርጽ እንደያዘ ይሄዳል። ካውያም ያው ነው፣ የድሮው የክር አምፖልም ያው።

ቻርጀር፣ ቲቪ፣ ኮምፒውተርና ኤልኢዲ አምፖል ጠባያቸው ሌላ ነው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) እና ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም) አለ። ካፓሲተሩ ሞልቶ ስለሚቆይ ከመስመሩ የሚስበው ቮልቴጁ ጫፍ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው፣ ለቅጽበት። ሰፈርተኛው በሙሉ ጀሪካኑን ይዞ ቦኖ ውሃ ላይ እኩለ ቀን ብቻ ቢወጣ እንደማለት ነው። ስለዚህ ከረንቱ ቁርጥርጥ ይላል። ያንን ቁርጥራጭ ሞገድ በሒሳብ ብትበትኑት ከ50 ኸርዝ ጋር 150፣ 250፣ 350 ኸርዝ እያለ ይቀጥላል። ሦስተኛ፣ አምስተኛ፣ ሰባተኛ ሃርሞኒክ የምንላቸው እነዚህን ነው።

አንድ አምፖል ምንም አያመጣም። ጉዱ የሚመጣው አንድ ፎቅ ሙሉ ሲሆን ነው፣ በተለይ ኒውትራሉ፣ ማለትም ከረንቱ የሚመለስበት የጋራ ሽቦ ላይ። ሦስቱ ፌዞች፣ መብራቱን የሚያመጡት ሽቦዎች፣ እኩል ሲጫኑ 50 ኸርዙ ኒውትራል ላይ ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል ብለን ተምረናል፣ ልክ ነው። ሦስተኛው ሃርሞኒክ ግን በሦስቱም ፌዝ እኩል ሰዓት ላይ ስለሚነሳ አይጣፋም፣ ይደመራል እንጂ። ዘጠነኛውና አሥራ አምስተኛውም እንደዚያው። በክፉ ቀን የኒውትራሉ ከረንት የፌዙን 1.73 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ደሴ ውስጥ አንድ አዲስ ሕንፃ አይቻለሁ፣ ስሙ ይቅር። ፌዞቹ ለብ ያሉ ናቸው፣ ኒውትራሉ ግን እጅ አያስነካም። ሽቦው ደግሞ ከፌዙ የቀጠነ ነው! «ኒውትራል ምን ይጫናል» ተብሎ ገንዘብ ተቆጥቦበታል። ባለ ሦስት ፖል ብሬከር ደግሞ ኒውትራሉን አያየውም፣ እየነደደ ዝም ይላል።

ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ታሪኩ ይቀየራል። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም ቦታ ዲናሞ (ሞተር) አለ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ብዙው ዲናሞ ፍጥነቱ የሚስተካከለው በድራይቭ ነው። ዲናሞው ራሱ መስመር ላይ በቀጥታ ቢነሳ ሃርሞኒኩ ኢምንት ነው። ድራይቩ ግን መጀመሪያ ኤሲውን ወደ ዲሲ ይለውጣል፣ ያንንም የሚያደርገው ባብዛኛው በስድስት ዳዮድ ነው። ከስድስት ዳዮድ የሚወጡት አምስተኛ፣ ሰባተኛ፣ አሥራ አንደኛ፣ አሥራ ሦስተኛ ናቸው። ሦስተኛ የለም። በመጽሐፉ ስሌት የእያንዳንዱ መጠን አንድ ሲካፈል ለተራ ቁጥሩ ነው፣ አምስተኛው የዋናውን 20 በመቶ፣ ሰባተኛው 14 በመቶ ግድም ይሆናል። ቾክ (ከረንቱን የሚያለሰልስ ጥቅል ሽቦ) የሌለው ርካሽ ድራይቭ ከዚህም ይብሳል። በፌዝ ሽግሽግ የሚሠራ ባለ 12 ፐልስ ድራይቭ (በስድስቱ ዳዮድ ፈንታ አሥራ ሁለት ያለው) ከተገዛ አምስተኛውና ሰባተኛው ይጠፋሉ ማለት ይቻላል፣ ግን ዋጋውን ሲሰሙ ሰዎች ፊታቸውን ያዞራሉ።

አርክም አለ። በዓለም ላይ ከባዱ ምንጭ ብረት የሚያቀልጠው የአርክ ምድጃ ነው፣ ጎዶሎውንም ሙሉውንም ቁጥር፣ በመካከል ያለውንም ሳይቀር ይረጫል። እኛ ሰፈር ያለው ታናሽ ወንድሙ ብየዳ ቤቱ ነው። አርኩ በባሕርይው አይረጋም።

ትራንስፎርመርም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ብረቱ በማግኔት ሲጠግብ ሦስተኛ ሃርሞኒክ ያወጣል፣ ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ይብስበታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ትራንስፎርመሩ መጀመሪያ የሚስበው ከረንት ሁለተኛ ሃርሞኒክ የሞላበት ነው። የሚገርመው ይሄ ጠቅሟል፤ ትራንስፎርመሩን የሚጠብቀው ዲፈረንሻል ሪሌ ሁለተኛ ሃርሞኒክ ሲያይ «ይሄ አጭር ዙር አይደለም፣ መብራት መምጣቱ ነው» ብሎ ሳይቆርጥ ያልፈዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ፋብሪካዎች ፓወር ፋክተር (ከተሳበው ኃይል ለሥራ የሚውለውን ድርሻ) ለማስተካከል የሚተክሉት የካፓሲተር ባንክ በየጊዜው ሲፈነዳ «ካፓሲተሩ ሃርሞኒክስ አመጣ» ይባላል። ካፓሲተር ሃርሞኒክ አይፈጥርም። የሌላውን ነው የሚያጎላው። ከትራንስፎርመሩ ጋር ተጣምሮ የሚያስተጋባበት አንድ ፍሪኩዌንሲ አለው፣ ያ ፍሪኩዌንሲ ድራይቩ ከሚያወጣው አንዱ ጋር ከገጠመ አለቀለት። ስሌቱ ቀላል ነው። 1000 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ኢምፔዳንሱ (ከረንትን የሚገታበት መጠን) 5 በመቶ ቢሆን የሾርት ሰርኪት አቅሙ 20,000 ኬቪኤ ነው። 400 ኬቫር ካፓሲተር ስትተክሉ 20,000ን ለ400 አካፍሉ፣ 50 ይመጣል። ስኩዌር ሩቱ 7.07። በቃ፣ ሰባተኛው ሃርሞኒክ ላይ ቁጭ አላችሁ። ካፓሲተሩን ስትቀያይሩ ከመክረም፣ ከፊቱ ልክ ያለው ሪአክተር፣ ያው ጥቅል ሽቦ፣ መግጠም ይሻላል።

ጀነሬተር ላይ ደግሞ ያው ከረንት የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። መብራት ሄዶ የሆቴሉ ጀነሬተር ሲነሳ ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) እምቢ ብሎ ሲጮህ ሰምታችሁ ይሆናል። የጀነሬተር ኢምፔዳንስ ከዋናው መስመር ስለሚበልጥ የቮልቴጁ ቅርጽ ይበልጥ ይጣመማል። ባለቤቱ ጀነሬተሩን ይረግማል፣ የሞገዱ ጠማማነት ግን የመጣው ከራሱ ዩፒኤስና አምፖሎች ነው።

አይትሪፕል ኢ 519 የሚባለው የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር መስፈርት ይሄን በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ የከረንቱ ኃላፊነት የተጠቃሚው ነው፣ የቮልቴጁ የኃይል አቅራቢው። ከ1 ኪሎ ቮልት በታች ባለ መስመር የቮልቴጁ ጠቅላላ መዛባት ከ8 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል።

ወደፊት የሚመጣውም ቀላል አይደለም። የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሃራ ገበያ ባቡር መስመር የታቀደው በ25 ኪሎ ቮልት ነጠላ ፌዝ ነው፣ የባቡር ሞተር ደግሞ የሚነዳው በኮንቨርተር ነው። አገሪቱ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር በየግቢው እየተተከለ ነው። ጥሩ ቻርጀር ሞገዱን የሚያስተካክል ሰርኪት ውስጡ አለው። ርካሹ የለውም።

ልትለኩ ከሆነ ክላምፕ ሜትራችሁ (ሽቦውን አቅፎ ከረንት የሚለካው) ላይ «ትሩ አርኤምኤስ» የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዩ፤ የሞገዱ ቅርጽ ቢበላሽም ልኩን ያሳያል ማለት ነው። የሌለው ሜትር ቁርጥርጥ ያለውን ከረንት እስከ 40 በመቶ ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ከዚያ ክላምፑን መጀመሪያ ኒውትራሉ ላይ አስገቡት፣ ማታ፣ አምፖሉና ቲቪው ሁሉ በርቶ ሳለ።